ዲቃላው ዱቄት

ሙያሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው ሁለት ዓይነት መልስ አለኝ። ለቢሮ ሰው «ቁሶች ላይ እመራመራለሁ» እላለሁ፤ እሱም እንዳልገባው ላለማሳየት በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። ለቅርብ ሰው ግን እውነቱን እናገራለሁ፦ ዲቃላ እሠራለሁ። ከሙዝ ግንድ ከሰል አወጣለሁ፣ ከሰሉ ላይ ዚንክ ኦክሳይድ አሳድራለሁ፣ ሁለቱ ተዳቅለው አንድ ጥቁር ዱቄት ይወጣቸዋል። በፈረንጅ አፍ ሃይብሪድ ይባላል። በፈረንጅ አፍ ሲባል ክብር አለው፤ መኪና እንኳ ሃይብሪድ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። በአማርኛ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ሌላነቱን እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም ዲቃላ መሥራት ከመጀመሬ በፊት ራሴ ዲቃላ ነበርኩ።

የተወለድኩት በጋሞ ደጋ፣ ገረሴ ነው። አባቴ ማን እንደሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። እናቴ ትዳር ሲመጣላት እኔን የሚጨምር ትዳር አልነበረም። ስለዚህ ታላቅ እህቷ አዝላኝ ወደ አርባ ምንጭ ወረደች። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አክስቴ። በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ጫፍ ላይ ባለው ግቢዋ ክር እየነከረች ለሸማኔዎች ትሸጣለች፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፣ የጋሞ ዱንጉዛ የሚሸመንባቸው ቀለሞች። ባል አላገባችም። ለምን ስትባል «ልጅ አለኝ፤ ባል ደግሞ ምን ይሠራልኛል?» ትላለች።

አማርኛዋ ከገረሴ ስትወርድ ጾታውን መንገድ ላይ ጥሎ የመጣ አማርኛ ነው። ላምን «መጣ» ትላለች፣ እኔን «አንተ» ትለኛለች። ሰዋስው ይሁን ፍቅር አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ሰዋስው ነው ብትለኝስ?

በግቢዋ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ያ ቃል በዚህ በር አይገባም። ሌላው ሁሉ ይገባል፤ ዶሮ ይገባል፣ የጎረቤት ወሬ ይገባል፣ ዕዳ ጠያቂም ይገባል። ልጅ ሳለሁ ቦኖ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት ሴት «ያቺ ዲቃላ ጄሪካኗን ታንሳ» አለች። አክስቴ ጄሪካኑን አነሳችላት፤ ችግሩ የት እንዳሳረፈችው ነው። ቤተ ክርስቲያንም ለጥቂት ሰንበት ከመዘምራን አገደቻት። ቅጣቷን ጨርሳ ስትመለስ ከበፊቱ አስበልጣ ጮኻ ዘመረች፤ ንስሐ የገባ ሰው ድምፅ ግን አይመስልም ነበር።

ቃሉን አዘውትረው ከሚጠቀሙት አንዱ ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤታችን ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ አትክልተኛ ናቸው፣ ድምፃቸው ያለ ማጉያ ላይኛው ከተማ ሴቻ ይደርሳል። ማንጎ ዛፋቸው ላይ ሲያገኙኝ «ውረጂ አንቺ ዲቃላ!» ይሉኝ ነበር። እውነት ለመናገር ማንጎው የእሳቸው ነው፤ ውረጂ ማለት ይችላሉ። የሚበቃውም እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አክስቴ የምታናግራቸው በጸሎት ሰዓት ብቻ ሆነ፤ ያውም በጌታ በኩል።

አድጌ ኬሚስትሪ ተማርኩ፣ ቤተ ሙከራ ገባሁ። አርባ ምንጭ ሙዝ አይቸግርም። ፍሬው በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ግንዱ ለእኛ ይቀራል። ተመራማሪ ማለት ደግሞ የቀረለትን ነገር «ያልተነካ የአገር ሀብት» ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ግንዱን ከትፌ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ፣ አየር እንደ ልብ በማይገባበት ምድጃ አከስለዋለሁ፣ አጥቤ ከዚንክ ጨው ጋር አዋህጄ እንደገና አሞቀዋለሁ። ምድጃው የምፈልገው ሙቀት ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መብራት ይጠፋል። መብራቱ እንዴት እንደሚያውቅ አላውቅም፤ ግን ያውቃል። በጽሑፎቻችን ላይ «ናሙናው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ፣ ማን እንዳደረገው ገብቷችኋል።

የሁለቱ መዳቀል ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ቀላል ነው። ከሰሉ ብቻውን ቀለሙን ይይዛል እንጂ አያጠፋውም፤ እንደ ቢሮ መደርደሪያ ነው፣ የመጣውን ሁሉ ይቀበልና ሲሞላ ያበቃለታል። ኦክሳይዱ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኝ ቀለምን የመሰባበር ኃይል አለው፣ ግን ቀለሙን ፈልጎ አያመጣም፤ አጠገቡ የመጣውን ብቻ ነው የሚመታው። ሲዳቀሉ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይመታል። ቀለሙ ያልቃል፣ ዱቄቱ ግን ይቀራል፤ ታጥቦ እንደገና ሥራ ይገባል። ጠቅላላ ሳይንሱ ይኸው ነው። እኔ ግን ይህን ለማለት አንድ ጥራዝ ጽፌያለሁ፤ ያለበለዚያ ዲግሪ አይሰጡም።

ጽሑፌም ታተመ። ከአማካሪዬና ከራሴ ሌላ ያነበበው ሰው አላጋጠመኝም፤ አማካሪዬንም እጠረጥራለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። የምድሯ ላም ግን ሳትጠራ መጣች።

ጎረቤታችን ላም ገዙ። እንዲያው ላም አይደለችም፤ ዲቃላ ናት። ግማሽ ፈረንጅ፣ ግማሽ ሐበሻ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አፍንጫዋ ሥር እንደ ወተት የነጣች። በእሷ የተነሳ ሰውየው ወጣት ሆኑ። መንገደኛ ሲያልፍ ጠርተው «ዲቃላ ናት እኮ! የወተቷን ነገር ተወው!» ይላሉ። ቃሉ ጠዋትና ማታ አጥራችንን እየዘለለ ይመጣ ጀመር። አክስቴ ክሯን እያገላበጠች ትሰማለች፣ ትንሽ ቆም ትላለች፣ ከዚያ ማማሰያዋን ከሚገባው በላይ በርሜሉ ላይ ታንኳኳለች። ቃሉ የተነገረው ከአጥር ወዲያ ነውና ሕጉ አልተጣሰም።

የአክስቴ የቀለም ውሃ ከግቢዋ በቦይ ወርዶ በእሳቸው አጥር ሥር ያልፋል። ለዘመናት ወርዷል። ሽፈራው ዛፋቸውም አልተቀየመም፣ ሙዛቸውም አልተቀየመም። ላሟ ግን አንድ ቀን ከቦዩ ጠጣች። ጠጥታም ነጩ አፏ ሊፕስቲክ እንደተቀባ ቀልቶ ወጣ። ጎረቤታችን ማመልከቻ አልጻፉም፤ ላሟን ራሷን እየጎተቱ ቀበሌ ወሰዷት። ላሟ ቃሏን ሰጠች ባይባልም አፏ በቂ ነበር። ወተቷም ሮዝ ሆኖ ታለበ ብለው ጨመሩበት፤ ሮዙን ወተት ያየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። አባያ ሐይቅ ከተፈጠረ ጀምሮ ቀልቶ ይተኛል፣ እሱን አፉን ይዞ ቀበሌ የወሰደው የለም።

ጉዳዩ ከቀበሌ ወደ ከተማው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ወጣ፣ ከጽሕፈት ቤት ውሳኔ ወረደ፦ ፍሳሹ ጠርቶ የማይወጣ ከሆነ የማቅለሚያ በርሜሎቹ ይነሣሉ።

እዚህ ላይ መቀለድ ያቅተኛል። አክስቴ ከእሳትና ከቀለም ሌላ ሥራ አታውቅም። እጆቿ እስከ ክርኗ ቀይ ናቸው፤ በሳሙናም በሎሚም አይለቁም። በዚህ ዕድሜዋ እነዚያን እጆች ይዛ የት ትሄዳለች? «እኔ እጦርሻለሁ» ስላት እንደ ስድብ ቆጠረችው። «የሚጦረው እጁ የቆመ ሰው ነው» አለችኝ፤ «የኔ እጅ ቆሟል?»  ፈራሁ። በርሜሎቹ ሲወጡ፣ ከዚያም እሷ በባዶ ግቢ ቁጭ ብላ እጇን ስታይ ይታየኝ ነበር።

ስለዚህ የሰማይ ላሜን አወረድኩ። ከቤተ ሙከራው ዱቄቴን በባልዲ ይዤ መጣሁና የቀይ ፍሳሹን በጠርሙሶች ቀድቼ፣ ከዱቄቱ ጨምሬ፣ ቆርቆሮው ላይ ለፀሐይ ደረደርኩት። ፀሐይን በተመለከተ አርባ ምንጭ ምንም አይጎድላትም፤ ሌላው መሠረተ ልማት ሁሉ ቢቋረጥ እሷ አትቋረጥም። ቀትር ላይ ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ሮዙ ወደ ገረጣ ውሃ ሄደ፤ ዱቄቱ ከሥር ተኛ።

አክስቴ ጠርሙሱን አንስታ ፀሐይ ላይ አየችው። አገላበጠችው።

«ጌታ ውሃውን ወይን ጠጅ አደረገው» አለች በመጨረሻ። «አንተ ደግሞ ወይኑን ውሃ ታደርጋለህ። ከማን ጋር ነህ?»

ዱቄቱ ካታሊስት መሆኑን ላስረዳት ተነሣሁ። መጀመሪያ ደላላ አልኩት፤ ሁለቱን ወገን ያገናኛል፣ ሥራው ያልቃል፣ እሱ ይቀራል። ደላላ የሚለውን ስትሰማ ባልዲውን ከቤት ልታስወጣው ደረሰች፤ ክር የሚሸጡ ደላሎች ያቃጠሏት ሴት ናት። ወዲያው ቀየርኩትና ሽማግሌ አልኩት። የተጣሉትን ያስታርቃል፣ ራሱ ሳይጎድል እንደመጣ ይመለሳል።

«ሽማግሌማ በልቶ ነው የሚመለሰው» አለች። «ይህ ምን ይበላል?»

«ፀሐይ።»

«ጥሩ ሽማግሌ ነው» ብላ ተቀበለችው። «ስሙ ማን ነው?»

አሰብኩ። የአጥሩን ዘላይ ቃል አሰብኩ፣ የቦኖውን ጄሪካን አሰብኩ። «ጥቁሩ ዱቄት በይው» አልኳት።

ከጠርሙስ ወደ ሰፊ ገንዳ ተሸጋገርን። አክስቴ ታማስላለች፣ ፀሐይ ትሠራለች፣ እኔ እፈራለሁ። ዱቄቱ ከውሃው ጋር እንዳያመልጥ በአሮጌ ቡሉኮ እናጠልለዋለን፣ የቀረውን አጥበን እናደርቀዋለን። ጠራ ማለት ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ፣ ይህን ውሃ ሰውም ከብትም መጠጣት እንደሌለበት ደጋግሜ ነገርኳት፤ የጠራው ውሃ በቦዩ መውረዱን ትቶ ጓሯችን ባስቆፈርኩት ጉድጓድ እንዲሰርግም አደረግን። ዕድሜ ለመፍራቴ፣ ለጽሑፌ ያላደረግኩትን ጥንቃቄ ለአክስቴ ቦይ አደረግኩ።

ወሬው መሥሪያ ቤቴ ሲደርስ ሁሉም ደስ አለው። ለካ ቴክኖሎጂ እያሸጋገርን ኖሯል! እኔ የአክስቴን በርሜሎች ላድን ነበር የሄድኩት፤ «ከቤተ ሙከራ ወደ ማኅበረሰብ» እየሄድኩ መሆኔን የነገሩኝ እነሱ ናቸው። በርሜል ይነሣ ያለው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም መጥተው ሊያዩ ተስማሙ፤ ካዩና ከጠራ ውሳኔው ይሻራል። ቀን ተቆረጠ፣ ወንበር ተከራየ፣ የታሸገ ውሃ ተገዛ። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ዋናው። ባነር።

አገራችን ውስጥ ያለ ባነር የተደረገ ነገር አልተደረገም። ሰው ያለ ባነር ቢሞት እንኳ ሪፖርት ላይ በሕይወት አለ። የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባችን የጽሑፉን ርእስ በአማርኛ ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት፦ «የዚንክ ኦክሳይድና የካርቦን ድቅል ቁስ ለቀለም ፍሳሽ ማጣሪያ»። ድቅል ብዬ ነው የጻፍኩት፤ አስቤ፣ ተጠንቅቄ፣ ሦስቱንም ፊደል ሣድስ አድርጌ። እሱ ግን ቋንቋ አዋቂ ነው። ድቅል የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ የመተየብ ስሕተት መሰለውና አረመልኝ። ድን ዲ፣ ቅን ቃ፣ ልን ላ አደረጋቸው። ፊደሎቹ ያው ናቸው፣ የተጨመረው ቅጥያ ብቻ ነው። አስቸኳይ ስለነበረ እኔ ሳላየው ታተመ፣ ባልደረባችን በማግሥቱ ማለዳ መጥቶ በአክስቴ አጥር ላይ በምስማር መትቶት ቁርሱን ሊበላ ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ይኼ የተፈታው በመቀስ ነው።

እኔ በዚያ ሰዓት ከቤተ ሙከራው አዲስ ዱቄት ጭኜ፣ ባልዲውን ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ እየመጣሁ ነበር። አክስቴ ለቤተ ክርስቲያን በተማረችው ማንበብ፣ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች ባነሩን አነበበች። ዚንክ ምን እንደሆነ አታውቅም። ካርቦን አታውቅም። መሐል ላይ ያለውን አንድ ቃል ግን ታውቀዋለች፤ ሙሉ ዕድሜዋን ከበሯ ስትመልሰው የኖረችው ቃል ነው። አሁን በትልልቅ ሰማያዊ ፊደል፣ በገዛ አጥሯ ላይ፣ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ተሰቅሏል። የልጇ ስም ደግሞ ከሥሩ «አቅራቢ» ተብሎ ተጽፏል።

ከባጃጁ ስወርድ እንግዶቹ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ባነሩ እንደተሰቀለ ነው፣ ግን መሐሉ ላይ መስኮት ወጥቶለታል። አክስቴ የክር መቀሷን ይዛ ከጎኑ ቆማለች። በመስኮቱ በኩል የጎረቤታችን ማንጎ ዛፍ ይታያል።

«ይህን ማን ነው የቀደደው?» አሉ ኃላፊው።

«እኔ» አለች አክስቴ።

«ለምን?»

«ስድብ ነው። ልጄን ሰድበው አጥሬ ላይ ሰቀሉ። በግቢዬ ይህ ቃል አይሰቀልም።»

«ስድብ አይደለም እናቴ፣ ሳይንስ ነው!» አለ የሕዝብ ግንኙነቱ።

«ሳይንስ ከሆነ ለምን በአማርኛ ጻፍከው?»

 እሱ ግን የሥራ ሰው ነውና ወዲያው መፍትሔ ተገኘለት። ካሜራውን አውጥቶ ባነሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁመቴን በዓይኑ ለካ። «ችግር የለም። አንቺ መሐል ላይ ቁሚ። ራስሽ ቀዳዳውን ልክ ይሸፍነዋል።»

ነገሩ የገባኝ እግሬን ካነሣሁ በኋላ ነው። ከዚንክ ኦክሳይድና ከካርቦን ቀጥሎ፣ ከቁስ በፊት፣ ያ ቃል ይኖርበት በነበረው ባዶ ቦታ ላይ የእኔ ፊት ሊገባ ነው። አንባቢ ባነሩን ከግራም ቢያነብበው ከቀኝ አይሳሳትም። ልጅነቴን ሙሉ ከዚያ ቃል ስሸሽ ኖሬ፣ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ በመጨረሻ ልኬ መሆኑ በባለሙያ ተረጋገጠ። መሣቅ ነበረብኝ፤ እንባዬ ቀደመ።

«አትቆምም!» አለች አክስቴ፣ ክንዴን ይዛ ወደ ራሷ ጎትታ። ቀይ እጇ እጅጌዬ ላይ ምልክቱን ተወ።

«አክስቴ፣ እኔን አይደለም» አልኳት በጆሮዋ። «የዱቄቱ ስም ነው። ሁለት ነገር ተዳቅሎ ነው የተሠራው። ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»

«የዱቄቱ?»

«አዎ።»

ኃላፊውን አየች፣ በርሜሎቿን አየች፣ መቀሷን አየች። ምን እንዳደረገች ገባት። ለእኔ ብላ የቆረጠችው የገዛ እንጀራዋን ሊሆን ነው። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም፤ ትልቋ ሴትዮ ድንገት አነሰችብኝ።

ይህን ጊዜ ጎረቤታችን ተነሡ። ከሳሽ ናቸውና ተጠርተዋል፤ ማስረጃቸውንም እንደ ልማዳቸው በገመድ ይዘው ነው የመጡት። ላሟ ከኋላቸው ቆማ ታመሰኳለች። ሽማግሌ ናቸውና ነገር ሊያበርዱ ነው።

«እህቴ፣ ይኼማ ስድብ አይደለም» አሉ በዚያ ሴቻ በሚደርሰው ድምፃቸው። «ይህችን እይ። ዲቃላ ናት። ከሁለቱም ወገን ጥሩ ጥሩውን ወስዳ ነው የተወለደችው። ዲቃላ ማለት ሙገሳ ነው እንጂ!»

አክስቴ መቀሷን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ከማንጎው ዘመን ወዲህ በቀጥታ፣ ያለ ጌታ አማላጅነት አናገረቻቸው።

«ወንድሜ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለላሙ ሙገሳ ነው። ለልጄ ግን ስድብ ነበር። ለምን?»

 ጎረቤታችን ገመዱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ያ ድምፅ እንኳን ሴቻ ላሟም ጋ አልደረሰም። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩና ሌላ ፕሮግራም እንዳላቸው አስታወሱ፤ «ባነሩ ተስተካክሎ ሲታተም ሠርቶ ማሳያው ይካሄዳል፣ እስከዚያው ውሳኔው ባለበት ይቆይ» ብለው የታሸገ ውሃቸውን ይዘው ተነሡ። ገንዳውን ማንም አላየውም። ፎቶ የማይነሣ ውሃ ቢጠራስ ባይጠራስ ምን ዋጋ አለው?

ውሃው ግን የፕሮግራሙን መሰረዝ አልሰማም ነበርና ቀትር ላይ ጠራ። ያየነው እኔ፣ አክስቴና ሳይሄዱ የቀሩት ጎረቤታችን ነን። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አዩበት። ላሟ አንገቷን ስትሰድ ገመዷን ሳቡት። «ጠርቷል» አሉ ብቻ፤ ሄዱ።

ቀጥሎ የሆነውን ከሚስታቸው ነው የሰማነው። ያን ቀን ማታ ላሟ ማለቢያውን ረግጣ ወተቱን ደፋች። በማግሥቱ ጠዋት ጭራሽ አልሰጥም አለች። ጋሞ ጎሜ የሚለው ነገር አለ፤ ሰው በድሎ ዝም ካለ በደሉ በቤቱ፣ በልጁ ወይም በከብቱ ላይ ይወጣል፣ እስኪናዘዝም አይለቅም። ጎረቤታችን በጎሜ አያምኑም። ከመድረክ ላይ ሲቃወሙት ሰምቻቸዋለሁ፣ ጥሩ አድርገው ነው የሚቃወሙት። ላሟ ግን ስብከቱ ላይ አልነበረችም።

ይቅርታ አላሉንም። ወደ ግቢያችንም አልመጡም። ላሟን ግን አፏን በደንብ አጥበው፣ ያንኑ ገመድ ይዘው፣ በዚያው መንገድ ቀበሌ ወሰዷት። ለመክሰስ በሄዱበት ማስረጃ ክሳቸውን ሊያነሡ ማለት ነው። የቀበሌው ሰው ላሟን ለምን እንዳመጧት ሲጠይቃቸው «ትየው ብዬ ነው» አሉ ተባለ። ላሟ ምን እንድታይላቸው እንደፈለጉ አልተናገሩም፤ እኛ ግን ገባን።

አዲሱ ባነር እስከ ዛሬ አልታተመም። በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ የአክስቴ ጉዳይ «በሂደት ላይ» ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ሐረግ ተጎድቷል፤ እኔ ግን በየጠዋቱ አመሰግነዋለሁ። በርሜሎቹ በቦታቸው ናቸው፣ እሳቱ ይነዳል፣ ክሩ ይነከራል።

የቆረጠችው የባነር ቁራጭም አልተጣለም። አክስቴ የምትጥለው ነገር የላትም። የታጠበውን ዱቄት ለማድረቅ ዘረጋችው፤ ጥሩ ፕላስቲክ ነው፣ ውሃ አይጠጣም። ጽሑፉ ወደ መሬት፣ ነጩ ጀርባ ወደ ላይ። እኔም ነገሩን አላነሣሁባትም።

ባለፈው ሰሞን አዲስ ዱቄት ይዤላት ሄድኩ። ቁራጩ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል፣ ግን ተገልብጧል። ሦስቱ ሰማያዊ ፊደላት ወደ ሰማይ ያያሉ፣ በላያቸው ላይ ጥቁሩ ዱቄት ስስ ሆኖ ተበትኗል። እሷ ከጎኑ ተቀምጣ በጣቷ ታገላብጠዋለች።

«ተገልብጦብሻል» አልኳት።

«አልተገለበጠም። ስሙ አይደል? ስሙ ላይ ይተኛ።» ቀና ሳትል ጨመረች፤ «ከሁለቱም ወገን ጥሩ ጥሩውን ወስዷል።»

ሰውን በቀልድ መንካት ልማዴ ነው፤ እሷንም አልምራትም። «የእኔን እንግዲህ ንገሪኛ» አልኳት። «ከእናቴ ወገን አንቺን አገኘሁ። ከአባቴ ወገን ጥሩው ምንድን ነው?»

ቀልድ ነበር። እሷ ግን ጣቷን ከዱቄቱ አንስታ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመዝን ሰው አሰበችበት።

«ላንተ አላውቅም» አለች። «ለኔ ግን፣ ትቶህ መሄዱ ነው።»